ለፀሐያማው ግንብ የትኛው ሐረግ ይሻላል?

ከጥቅምት ወዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል፤ አንዱ ከበደሌ፣ አንዱ ከያዮ፣ አንዱ እዚሁ መቱ ከምኖርበት ሰፈር። ጠያቂዎቹ ሦስቱም የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። የበደሌውና የመቱው ግቢ ቀድሞ በእንጨትና በቁጥቋጦ የታጠረ ነበር፤ አሁን ልጆቻቸው ባመጡት ገንዘብ የብሎኬት አጥር ቆሞላቸዋል። ግንቡ ሌባ ይከላከላል፣ ግን ግራጫ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ የቀኑን ሙቀት አምቆ ማታ በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይመልስለታል። «ሲስተር፣ ይህን ግንብ ምን ብናለብሰው ይሻላል? ደግሞ ልጆች አሉ» ነው ያሉኝ።

እኔ የአትክልት ባለሙያ አይደለሁም፤ በነርስነት ዲፕሎማ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ አበባው ብቻ ቢጠይቁኝ ወደ ግብርና ባለሙያ እመራቸው ነበር። «ልጆች አሉ» የምትለዋ ግን የእኔን ሙያ ትነካለችና ዛሬ ሁለቱንም አብሬ እመልሳለሁ።

መልሴ ቡገንቪላ ነው። አንዳንዱ ቦገንቪል፣ ሌላው ቡገንቢላ ይለዋል፤ በባሕር ዳርና በሐዋሳ፣ በቢሾፍቱና በድሬዳዋ አጥር ላይ ሐምራዊና ቀይ ሆኖ የሚፈስሰው ማለቴ ነው። ጥሩነቱ ፀሐይ ይወዳል፣ ግንብ የሚተፋውን ሙቀት ይወዳል፣ ከሥር ከያዘ በኋላ ውኃ አያስቸግርም፣ ሕፃን ቅጠሉን አኝኮ ቢውጥ አይገድለውም። ክፋቱ እሾሁ ነው። የእሾሁን ነገር ወደ ኋላ በሰፊው እመጣበታለሁ፤ ምክንያቱም ከአበባው ይልቅ እሱ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች በአጭሩ ልናገር። እሾህ ለማይፈልግ ሰው የራሳችን ጠምበለል አለ። ነጭ፣ ማታ ማታ ሽታው ግቢውን የሚሞላ፣ የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሐረግ ነው። ቡገንቪላን ያህል ደማቅ አይደለም፣ ደረቅ ፀሐይም ያን ያህል አይወድም፤ ግማሽ ቀን ጥላ ለሚያገኝ ግንብ ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም። አዞ ሐረግ በየአጥሩ የምናውቀው ነው። ነጭ አበባው ያምራል፣ ግን ቅጠሉ ተጨቅጭቆ ቆዳ ላይ ሲደረግ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ለቁርጥማትና ለእከክ ብለው አስረውት ቆዳቸው ተገሽልጦ የመጡ ሰዎች ቁስል በእጄ አጥቤያለሁ። ቢጫ ጥሩምባ የሚመስል አበባ ያለው አላማንዳ ደግሞ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፣ ከዋጡት ያስመልሳል።

ሁለት ሐረጎች ግን ልጅ ባለበት ግቢ ጭራሽ አይግቡ። አንዱ ግሎሪዮሳ የሚባለው ነው። አበባው እንደ እሳት ነበልባል ወደ ላይ የሚሽቆጠቆጥ፣ ቀይና ቢጫ፣ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ የሚወጣ፤ በጫካችንም በዱር ይበቅላል። ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ድንች መሳይ ነው፤ የያዘው መርዝ ኮልቺሲን ይባላል። የበላ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ይቀምጣል፣ ከዚያ የደም ሥርዓቱ ሁሉ ይዛባል፤ ይገድላል። ሌላው ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር የሆነች ፍሬ የሚያፈራው ነው፤ ፍሬዋን ሰዎች እንደ ዶቃ ሰክተው ያደርጓታል። ሙሉዋን የዋጠ ልጅ ሊተርፍ ይችላል፤ የታኘከች ፍሬ ግን አደገኛ ናት። ዶቃውም ቢሆን ሕፃን አንገት ላይ ባይንጠለጠል ይሻላል።

ወደ ግንቡ እንመለስ። «ፀሐያማ ግንብ» የሚለው ነገር እንደ አገሩ ይለያያል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ወደ ደቡብ የዞረ ግንብ ምረጡ ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀትር በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ። ወደ ሰሜን የምታዘነብልባቸው ወራት በኢሉባቦር የዝናብና የደመና ጊዜ ስለሆኑ ሰሜን የሚያየው ግንብ ከዚያ ብዙ አይጠቀምም። ደረቁ ጊዜያችን፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል የምትሄድበት ነው። ቡገንቪላ የሚያብበውም በዚያው ወቅት ነውና ደቡብን የሚያይ ግንብ ካላችሁ እሱን ምረጡ። ምሥራቅን ወይም ምዕራብን የሚያየውም ግማሽ ቀን ያገኛል፤ ይበቃዋል፣ ቢበዛ አበባው ይቀንሳል።

እርግጠኛ መሆን የፈለገ የልጅ ልጁን ሥራ ያስይዝ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ልጁ ፀሐይ የነካውን የግንብ ክፍል በከሰል ያስምር። ሦስቱም ጊዜ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። የእኔዋ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ለሦስት ቀን በታላቅ ቁም ነገር ሠርታ በአራተኛው ቀን «አኮ፣ ፀሐይዋ ትናንት ከነበረችበት አልተነቃነቀችም፣ ደሞዜን ስጪኝ» ብላኛለች።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ብትሄዱ ጎሬ ናችሁ፤ ጎሬ ከፍ ያለች፣ ጉም የማይጠፋባት ከተማ ናት። እዚያ ያለው ቡገንቪላ ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባው ግን ይዘገያል። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ብትወርዱ ደግሞ ያው ተክል በቆላው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሲያብብ ታያላችሁ። መቱ በመካከል ናት። ዝናባችን ከመጋቢት አንስቶ እስከ ጥቅምት ስለሚደርስ ተክሉ በእነዚህ ወራት ያድጋል እንጂ ብዙ አያብብም። «አበባ እምቢ አለኝ» ብላችሁ በሐምሌ አትንቀሉት።

በነገራችን ላይ፣ አበባ የምንለው ባለ ቀለሙ ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ በመካከል ያለችው ትንሽ፣ ነጭ ወይም ቢጫማ ቱቦ ናት። በጣታችሁ ብትዳስሱት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሳምንት ሳይጠወልግ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ልጆች ይህን ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል።

ስሙ የአንድ ፈረንሳዊ የመርከብ አዛዥ ነው፤ ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ ዞረ። አብሮት የሄደው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን ተክሉን በ1767 በብራዚል፣ በሪዮ ደ ጃኔይሮ አግኝቶ በአዛዡ ስም ሰየመው። የእኔን ልብ የሚነካው ግን ሦስተኛዋ ሰው ናት። ኮሜርሶን እግሩ የቆሰለ በሽተኛ ነበርና ረዳት ይዞ ነበር የተሳፈረው፤ ረዳቱ ሻንጣ ይሸከማል፣ ዕፅዋት ይሰበስባል፣ ቁስሉን ያስታምማል። ያ «ወጣት ወንድ» በእውነት ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴት በመርከቡ ላይ እንዳትሳፈር ይከለክል ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የገባችው። አስታማሚዋ እሷ ስለነበረች፣ በሪዮም ኮሜርሶን በደንብ መራመድ ስላልቻለ፣ ቡገንቪላን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሯ ተመልሳ ዓለምን በመዞር የምትታወቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በ1785 ያው ባሕር ኃይል ጡረታ ቆረጠላት። ተክሉ ግን ዛሬም የሚጠራው በአዛዡ ስም ነው፤ እኔ በበኩሌ በእሷ ስም ቢጠራ እመርጥ ነበር።

አሁን አተካከሉን። ከዘር አይደለም፣ ከቁራጭ ነው። ደህና የሚያብብ ዛፍ ካለው ሰው ለምኑ፤ ይህ ተክል የሚገዛ ሳይሆን የሚለመን ነው። እርሳስ የሚያህል፣ ለጋም ያልሆነ ከልክ በላይም ያልደረቀ ቅርንጫፍ ስንዝር ያህል ቁረጡ። ቅጠሉን አራግፉ፣ የታችኛውን ጫፍ አግድም ቁረጡት፣ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ። አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ ከሥሩ በተበሳ የችግኝ ፕላስቲክ ወይም በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ግማሹን ቅበሩት። ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን። ሁለት ወር ጠብቁ፤ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ከአሥሩ ግማሹ ከያዘ ጥሩ እጅ አላችሁ። ቅጠል አወጣ ብላችሁ ሥሩን ለማየት ነቅላችሁ አትመልከቱ፤ ቅጠሉ ከሥሩ ሊቀድም ይችላል፣ ሥሩም እንደ ሸረሪት ድር ስስ ነው። ሲተከልም ፕላስቲኩን በጎንና በታች ቀዳችሁ አፈሩ ሳይፈርስ ከነእቅፉ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጡት።

የመቱ ትልቁ ጠላት ድርቅ ሳይሆን ውኃ ነው። ግንብ ሥር የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቦታ ከተከላችሁት በመጀመሪያው ክረምት ሥሩ ይበሰብሳል። ከግንቡ አንድ ክንድ ያህል ራቁ፣ አፈሩን ጉብ አድርጉና በጉብታው ላይ ትከሉ። ቀይ አፈራችን ለተክሉ ይስማማዋል። የቡና ገለፈት በየቤቱ ሞልቷል፣ እሱም ከበሰበሰ በኋላ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ግን ግንዱን አስጠግታችሁ አትከምሩበት፣ እርጥበት ይዞ ልጡን ያበሰብሰዋል። እበትም ዩሪያም አታብዙ። ይህ ተክል ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ትንሽ ሲራብና ሲጠማ ያብባል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ደህና አድርጋችሁ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ጠውለግ ሲል ብቻ። አበባ ከሁለተኛው በጋ በፊት አትጠብቁ።

ውኃ ካነሣን፣ ለማጠጫ ብላችሁ በርሜል ክፍት አትተዉ፤ የዝናብ ውኃ የሚያቁር አሮጌ ጎማና የተቆረጠ ጀሪካንም አስወግዱ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ ከወንዝና ከረግረግ ይልቅ በርሜልና ገንዳ ትመርጣለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተማ የተነሣው ወባ ከእሷ ጋር መያያዙ ተጠንቷል። በርሜሉን መክደን ቀላል ነው።

ቡገንቪላ እንደ ጠምበለል አይጠመጠምም፣ እንደ አንዳንዱም በሥሩ ግንብ አይዝም። እሾሁን እንደ መንጠቆ እያደረገ ነው የሚደገፈው፤ በግንብ ላይ ግን ማሰር የእናንተ ሥራ ነው። በየሁለት ክንዱ ሚስማር መትታችሁ ሽቦ አግድም ዘርጉ፣ ሽቦው ከግንቡ አራት ጣት ያህል ይራቅ፣ አየር ይለፍ። ለጋውን ቅርንጫፍ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ ላይ ብቻ የሄደ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል፤ ወደ ጎን ያጋደማችሁት ግን በርዝመቱ ሁሉ ያብባል። ከመብራት ገመድና ከቆጣሪ ግን አርቁት።

መግረዣው ጊዜ አበባው ሲያበቃ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ በሚያዝያ ነው። ክረምቱን ሙሉ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በዚያ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ በበጋ ያብባል። በመስከረም ለበዓል ግቢ እናሳምር ብሎ የገረዘ ሰው የዓመቱን አበባ ነው የቆረጠው።

እሾሁ ላይ ደረስን። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ የሆኑ፣ ሰባ ያለፋቸው አንድ አባት በገጀራ ሲገርዙ እሾህ መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ ተሰብሮባቸው መጡ። በወረንጦ አወጣሁላቸው፣ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጠብኩላቸው። ከዚያ ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ የቴታነስ ክትባት ወስደው ያውቃሉ?»

«ሲስተር ደግሞ! እሱ የእርጉዞች መርፌ አይደለም እንዴ?»

«እሾሁ እርጉዝ ነዎት አይደሉም ብሎ አይጠይቅም።»

ባለቤታቸው ከበስተኋላ ሆነው ሳቁ። እሳቸው አምስቱንም ወስደዋል፣ ካርዳቸውም አለ። እውነቱን ለመናገር የአባትየው ጥያቄ የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ የአገራችንን የክትባት ታሪክ ነው የተናገሩት። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ ቴታነስ አልተከተበም ማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ክትባቱ የደረሰው ለጥቂቱ ነው። ሴቶች በኋላ በእርግዝና ጊዜ አገኙት። በዚያ ሥራ የተነሣ ነው ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ የጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷ በ2009 ዓ.ም. የተረጋገጠላት፤ እምብርቱ በቆሻሻ ምላጭ ተቆርጦ በሰባተኛው ቀን ጡት መያዝ የሚያቅተውን ሕፃን ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል። አያቶች ግን፣ ወንዶቹ አያቶች፣ በየትኛው በር ሊያገኙት ይችሉ ነበር? እርጉዝ አይሆኑም፣ ትምህርት ቤት አይገቡም። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ዶማና ገጀራ ይዘው ግቢ ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸው።

መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጀርሙ በአፈርና በእበት ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል፤ የሚወደው አየር የማይደርስበት ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው። እሾህ የሚሠራው ልክ እንደዚያ ያለ ቁስል ነው፤ ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ታክል፣ ከውስጥ ጥልቅ። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከሦስት ሳምንት በኋላ ምልክቱ ይጀምራል። ያን ጊዜ ቁስሉ ድኗል፣ ሰውየውም ረስቶታል። በሥራ ዘመኔ ያስታመምኩት አንድ የሃምሳ ዓመት ገበሬ «አፌ እምቢ አለኝ» ብሎ ነው የመጣው። ቤተሰቡ ምች መትቶታል ብለው ሁለት ቀን በእንፋሎት አጥነውታል። እግሩን ሳይ ተረከዙ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች። በጨለማ ክፍል፣ በር ሲንኳኳ እንኳ ሰውነቱ እንደ ቀስት እየተለጠጠ ስድስት ቀን ቆይቶ በሰባተኛው አረፈ። አእምሮው እስከ መጨረሻው ልክ ነበር፤ የምንናገረውን ሁሉ ይሰማ ነበር። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። ሦስት መርፌ ሊከለክለው ይችል የነበረ ነገር ስለሆነ ነው።

ያልተከተበ አዋቂ ሰው የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ ሁለተኛውን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቶ። ወደ ቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ካርድ አውጡ፣ ካርዱን ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። እሾህ የወጋው ያልተከተበ ሰው ደግሞ ቁስሉ እስኪያመረቅዝ አይጠብቅ፣ በዚያው ቀን ይሂድ፤ እንደ ቁስሉ ሁኔታ ከክትባቱ ሌላ ፀረ መርዝም ሊሰጠው ይችላል። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አታድርጉ። እዚህ ቡና አገር ይህን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቡናው ግን ደሙን ቢያቆምም ቀዳዳውን ደፍኖ አየር ይከለክላል። እበትና አፈርማ ጀርሙን ራሱን መጨመር ነው።

ዓይንን ለብቻው ላንሣ፤ ለልጆች ከምንም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ቡገንቪላ በልጅ ቁመት ልክ ቅርንጫፍ አንጠልጥሎ ኳስ ሲባረር ዓይን ይመታል። እሾህ የነካው ዓይን አይታሽ። የጡት ወተት አይንጠብበት፣ የቅጠል ጭማቂም አይጨመርበት። እሾሁ ተሰክቶ ከታየ አትንቀሉት፤ ንጹሕ የፕላስቲክ ስኒ ዓይኑን ሳይነካ ላዩ ላይ አድርጋችሁ እሰሩና በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ጭረት ብቻ ከሆነና ቢሻለውም አሳዩት፤ ዕፅዋት የጫረው ዓይን ከቀናት በኋላ ፈንገስ ሊያበቅል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከባክቴሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ከመድኃኒት ቤት «ለቀላ ዓይን» ተብሎ ያለ ማዘዣ የተገዛ ጠብታ አታድርጉ፤ ኮርቲዞን ካለበት ፈንገሱን ያሳድገዋል።

ሌላም ሰዎች የማያስቡት ነገር አለ። የልጁ ጉልበት ወይም የጣት መገጣጠሚያ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት ካበጠ፣ «እሾህ ወግቶህ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ተሰብሮ የቀረ የእሾህ ጫፍ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ እብጠቱ ይመላለሳል፤ በኪኒን ብቻ አይለቅም፣ ስብርባሪው መውጣት አለበት። ለሐኪሙ እሾሁን ካልነገራችሁት ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይከርማል።

ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ እግራቸው ስለሚደነዝዝ እሾህ ሲገባ ላይሰማቸው ይችላል። የደረቀ የቡገንቪላ እሾህ ሸበጥን ይበሳል። የተገረዘውን በዚያው ቀን ጠርጋችሁ ሰብስቡ፣ ልጆች በማይረግጡበት ጉድጓድ ቅበሩት። በግቢ ውስጥም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ማታ ውስጥ እግራችሁን በብርሃን ተመልከቱ፣ ዓይናችሁ ከደከመ የልጅ ልጅ ይይላችሁ። ገጀራውን ተዉት፤ ቅርንጫፉን አፈናጥሮ ወደ ፊት የሚመልሰው እሱ ነው። የአትክልት መቀስ፣ የቆዳ ጓንትና መነጽር በቂ ነው፤ የማንበቢያ መነጽርም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ከመሬት እስከ ሕፃኑ አናት ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ አንሡት፤ ግንዱ ራቁቱን ይቁም። እንዲህ ሲሆን እባብና አይጥም መደበቂያ ያጣሉ።

እሾህ እሾህ ስል መሰላሉን እንዳልረሳው። ከስልሳ በላይ የሆነ ሰው ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ሲሰበር የሚደርስበት ነገር፣ አልጋው፣ የጀርባው ቁስል፣ የሳንባ ምቹ፣ ከአበባ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ሕጌ ይህ ነው፤ መሬት ላይ ቆማችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከምትደርሱበት በላይ አታሳድጉት። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ለመሰላሉ ወጣት ጥሩ፤ ሻይ ቡና ማለት ከጥገና ይረክሳል።

የያዮው ጠያቂዬ ጉዳይ ቀርቶብኛል። የእሳቸው የብሎኬት አጥር ሳይሆን የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፤ በኖራ የተቀባ፣ ደቡብን የሚያይ። ለጭቃ ግድግዳ አልመክርም። ሐረጉ ዝናቡን ይዞ ግድግዳው ላይ ያሳድራል፣ ጭዱ ይበሰብሳል፣ ሚስማሩም በጭቃ ውስጥ አይጸናም፤ ትልቅ ቡገንቪላ ደግሞ ከባድ ነው። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው የራሱን ቋሚ ያቁሙለት። የባሕር ዛፍ ቋሚ በእኛ አገር ምስጥ ቶሎ ስለሚበላው አሮጌ የብረት ቱቦ ቢገኝ ይመረጣል። ሁለት ቋሚ፣ ከላይ አግዳሚ፣ እንደ በር። ከሥሩ ዱካ ቢያስቀምጡ በጥር ፀሐይ ጥላ ያገኙበታል፤ ቁራጩን በሚያዝያ ስገርዝ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ሐምራዊውንም ነጩንም።